ጋሽ ታደለ ሲተኙ የሚከፈተው ትምህርት ቤት

እነማን እንደነበርን ልጀምር። እትዬ ሶስና፣ ምድጃው አጠገብ፣ ሕፃኗን ሳሮንን በጀርባቸው አዝለው። ባለቤታቸው ጋሽ ታደለ፣ ከዳቦ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ አሁን መግባታቸው፣ ቅንድባቸው ላይ ገና ዱቄት አለ። ትልቋ ልጃቸው ምሕረት፣ የወንድሞቿን ጫማ በር ሥር አሰልፋ የምታስቀምጥ። ናሆም፣ የእኔ እኩያ፣ ወንበር ላይ ከመቀመጥ መንበርከክ የሚወድ። ቢንያም፣ የፊት ጥርሶቹ የወለቁ። በመጨረሻ እኔ፣ ዮናታን፣ እነሱ ዮኒ የሚሉኝ የጎረቤት ልጅ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ። ከሁላችንም ኮት የለበስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ልጆቹ ፒጃማ ለብሰው ነበር፤ ሲያሻቸው በፒጃማ ይውሉም ነበር። በዚያ ፒጃማ ምን ያህል እንደቀናሁ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ልጅ እያለሁ ጠዋቴ ሁሉ ያለፈው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። የምንኖረው ሪጀንት ፓርክ በሚባለው ሰፈር፣ አሮጌዎቹ የቀይ ጡብ ሕንፃዎች ገና ሳይፈርሱ ነበር። እናቴ በአረጋውያን መጦሪያ የመጀመሪያውን ፈረቃ ስለምትሠራ ሳይነጋ ትወጣለች። ስትወጣ በዚያው ፎቅ ያለውን የእነ እትዬ ሶስናን በር በጥፍሯ ጫር ጫር ታደርጋለች። አታንኳኳም፤ ማንኳኳት በዚያ ቤት ነውር ነበር። ምሕረት ትከፍታለች፣ እኔ እገባለሁ፣ የትምህርት ቤቴ ሰዓት እስኪደርስ እዚያ እቆያለሁ። ቤተሰቦቻችን የሚተዋወቁት ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሑድ እሑድ የምንሄደው እዚያው አማርኛ የሚሰበክበት ጉባኤ ነበር።

እነ ናሆም ትምህርት ቤት አይሄዱም። እትዬ ሶስና ሆምስኩል ነው የሚያደርጓቸው፤ እቤት ራሳቸው ያስተምሯቸዋል። ይህን በተመለከተ በቤተ ክርስቲያን ብዙ ይወራ ነበር። አንዳንዱ ልጆቹን ከዓለም ሊሸሽጉ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ያለ ቲኬት አውቶቡስ እንደመሳፈር ነው ብሎ ይስቃል። ምክንያቱ ግን ከሁለቱም አልነበረም። ጋሽ ታደለ ማታ ወጥተው ጠዋት ነው የሚገቡት። ልጆቹ ትምህርት ቤት ቢሄዱ፣ እነሱ ሲመለሱ አባታቸው ተነስተው ለሥራ ይለባብሳሉ። እትዬ ሶስና አንድ ቀን ለእናቴ ሲናገሩ ሰምቻለሁ፦ "እኔ ልጆቼ አባታቸውን ከኋላው ብቻ እያዩ እንዲያድጉ አልፈልግም።" ስለዚህ የቤቱን ቀን በሙሉ አንስተው በባላቸው እንቅልፍ ዙሪያ አስቀመጡት።

እንዴት እንደሆነ በትክክል ልንገራችሁ። የልጆቹ ቁርስ የአባታቸው እራት ነበር። ጠዋት በጨለማ ምስር ወጥ፣ ሩዝ፣ አንዳንዴ የትናንት ጥብስ ይበላል። ጠረጴዛው መሐል ጋሽ ታደለ ይዘውት የመጡት ዳቦ አለ፤ ሁልጊዜም ቅርጹ የተበላሸ፣ ሁለቱ ተጣብቀው አንድ የሆኑ፣ ወይም ጎኑ ፈንድቶ ዘቢቡ የወጣ፣ ሱቅ የማይሄድ። ጃኬታቸው እርሾና ያረረ ስኳር ይሸታል። እየበሉ የሌሊቱን ይናገራሉ፤ ስለ ሌላ ነገር አያወሩም። "ትናንት ሊጡ አልነሳም ብሎ አሾፈብን" ይላሉ። "ለምን?" ይላል ናሆም። "እኔም ለምን ብዬ ነው የመጣሁት" ብለው ይነሱና መኝታ ቤት ይገባሉ። መልሱን አይሰጡም። ሲነቁ ልጆቹ መልስ ይዘው መጠበቅ አለባቸው። የቤቱ ሳይንስ ይህ ነበር።

የመኝታ ቤቱ በር ሲዘጋ ትምህርት ቤቱ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም። ንባብ፣ ጽሕፈት፣ ሒሳብ፣ ሁሉም በሹክሹክታና በእጅ ምልክት ነው። ጆሮን መንካት "ጠብቅ" ማለት ነው፣ አገጭን መንካት "አልገባኝም"፣ መዳፍን መዘርጋት "ጨርሻለሁ"። የሒሳብ ባቄላ የሚቆጠረው እንዳይንኳኳ ፎጣ ላይ ነው። የሰዓት ሰሌዳ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ምሕረት መጽሐፍ ውስጥ ከገባች ማንም ወደ ሒሳብ ተሻገሪ አይላትም፤ ቢንያም እንቅልፍ ከወሰደው ይተኛል። አንድ ደንብ ብቻ ነበር፤ በየጠዋቱ እትዬ ሶስና "ዛሬ ቀኑ የማን ነው?" ይላሉ፣ ተራው የደረሰው ልጅ "የእኔ" ይላል፣ ከምን ተጀምሮ በምን እንደሚቀጥል የሚመርጠው እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ አባታቸው ሲነቁ ደግሞ የታፈነው ሁሉ ይፈነዳል አሉ፤ ዘፈን፣ ማባዣ በጩኸት፣ ወደ ውጭ ሩጫ። አሉ የምለው ስላላየሁት ነው። ልክ ያ በር ተዘግቶ ጸጥታው ሲጀምር፣ እኔ የምወጣበት ሰዓት ይደርሳል።

ምሕረት በሩን የምትከፍትልኝ እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ ነው፣ ቀጭ እንዳይል። ኮሪደሩ ላይ እቆማለሁ፣ በሩ ከኋላዬ ይዘጋል። ምንም አይሰማም። ከዚያ ጄራርድ መንገድ ላይ በሐዲድ የሚሄደው ስትሪትካር እየተንጓጓ ሲያልፍ ይሰማል፣ እኔም እሄዳለሁ።

ዝምተኛ ልጅ ነበርኩ። በትምህርት ቤቴ ዝምታ እንደ በሽታ ነው የሚታየው። አስተማሪዋ "ዮናታን፣ ትንሽ ድምፅህን ከፍ አድርግ" ትለኛለች፣ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ያየኛል፣ ያለችኝም ድምፅ ትጠፋለች። በዚያ ቤት ግን ዝምታ ሥነ ሥርዓት ነበር። ጋሽ ታደለ አንዳንዴ ወደ መኝታቸው ሲያልፉ ራሴን ዳበስ አድርገው "ዝም አይነቅዝም፣ አይደል ዮኒ?" ይሉኛል። ያንን ቦታ ለእኔ የሠሩት ይመስለኝ ነበር፤ ሠርተው ሌላ ሰው አስቀመጡበት። ያ ሌላ ሰው ናሆም ነው። ናሆም ሹክሹክታው ሊፍቱ ድረስ ይሰማል። መቀመጥ አይችልም። ያ ሁሉ ጸጋ የወደቀው በእሱ ላይ ነበር፣ እሱ ደግሞ በየጠዋቱ በር ድረስ ተከትሎኝ እጅጌዬን ይይዝና "ዛሬ ጂም አላችሁ? ሪሰስ ላይ፣ ለእረፍት ስትወጡ፣ ምንድነው የምትጫወቱት? ቴል ሚ!" ይለኛል። "ምንም" እለዋለሁ። እጅጌዬን አስለቅቄ እሄዳለሁ። የእሱን ወስዶ የእኔን የሚጠይቅ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ እግሯ አብጦ የመጣችውን እናቴን፣ ውሃ በሳፋ አቅርቤላት፣ ጠየቅኳት።

"እኔም እትዬ ሶስና ቤት ልማር።"

"ጠዋት ጠዋት እዚያ አይደለህ እንዴ?"

"ሙሉ ቀን።"

እግሯን ውሃው ውስጥ አንቀሳቀሰች። "ዮኒዬ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅም። ሶስና ቤት የምትውለው ባሏ ሌሊት ስለሚሠራላት ነው። እኔ ሌሊትም ቀንም ራሴ ነኝ።" ከዚያም፣ "እኔስ የማልቀና ይመስልሃል? በፒጃማ ሆኜ ፊደል ባስቆጥርህ ጠልቼ ነው?" አለች። እናቴም እንደምትቀና ያወቅኩት ያኔ ነው። ሁለተኛ አልጠየቅኳትም።

ታዲያ በዚያው ክረምት፣ በረዶው የመስኮቱን ደፍ አልፎ በቆመበት ሰሞን፣ ፒ ኤ ዴይ መጣ። የእኔ ዘመን ልጆች ታውቁታላችሁ፤ አስተማሪዎች የሚሰበሰቡበት፣ ተማሪ ቤት የሚውልበት ቀን ነው። እናቴ ፈረቃ ነበረባት። ስለዚህ ሙሉ ቀን እነ እትዬ ሶስና ቤት ልውል ሆነ። ከእንቅልፌ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ተነሳሁ። ኮት አልለበስኩም። በፒጃማዬ ኮሪደሩን ተሻግሬ ገባሁ።

ምስሩ ተበላ፣ የተጣበቀው ዳቦ ተላቀቀ። እትዬ ሶስና "ዛሬ ቀኑ የማን ነው?" አሉ። ተራው የቢንያም ነበር፤ አፉን ሲከፍት ግን እሳቸው በዓይናቸው አቆሙትና፣ "ዛሬ ቀኑ የዮኒ ነው። ምረጥ የኔ ልጅ" አሉኝ።

ናሆም ጉልበቱ ላይ ዘለለ። "ዮኒ፣ ስኩል እንጫወት! እውነተኛ ስኩል! አንተ ታውቀዋለህ። ሰልፍ፣ ደወል፣ ሪሰስ፣ ፕሊስ፣ ፕሊስ!"

"እንደ ሁልጊዜው" አልኩ።

"ምን?"

"እንደ ሁልጊዜው ይሁን። ጋሽ ታደለ ይተኙ፣ እናንተ የምታደርጉትን አድርጉ።"

"ኦ ማይ ጋድ፣ ቀኑን አባከነው!" አለ ናሆም። ጋሽ ታደለ እየሳቁ ተነሱ። "አላባከነም፤ ለእኔ ሰጠኝ" ብለው ገቡ። ምሕረት ወንድሟን "ቀኑ የእሱ ነው፤ አርፈህ ቁጭ በል" አለችው። በሩ ተዘጋ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከውስጥ ሆኜ ቀረሁ። ምሕረት መስኮቱ ሥር፣ እግሯን ማሞቂያው ላይ ሰቅላ። ቢንያም ጠረጴዛው ሥር ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ መጽሐፍ እያገላበጠ። እትዬ ሶስና ሳሮንን አዝለው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ልጣጩን ሳይቀር በቀስታ ያስቀምጣሉ። ከውጭ የበረዶው ነጸብራቅ ጣሪያውን አብርቶታል። ምሕረት ወደ እኔ ተጠጋችና የዳቦ መጋገሪያ ትሪ ላይ ዱቄት በተነች። በጣቷ አንድ ፊደል ጻፈች። እኔም ከሥሩ ጻፍኩ። ትሪውን ወዝወዝ አደረገችው፣ ፊደሉ ጠፋ፣ ሌላ ጻፈች። እርሳስ ወረቀት ላይ ሲፋቅ ድምፅ አለው፤ ጣት ዱቄት ላይ ግን የለውም፤ ለዚህ ነበር በዱቄት የሚጽፉት። ስሳሳት ጆሮዋን ትነካለች። ትክክል ስጽፍ ትሪውን ትወዘውዛለች። ይህን ጽሑፍ የምጽፍበትን ፊደል የጀመርኩት እዚያ ነው፤ የቀረውን ብቻዬን ነው የጨረስኩት። ደስታዬ ግን ንጹሕ አልነበረም። በየደቂቃው "ይህ የእነሱ የየቀን ነው" እያልኩ ነበር። እያገኘሁትም እቀና ነበር።

ናሆም ግን አልቻለም። መጽሐፉን ገለጠ፣ ዘጋ። ተንበረከከ፣ ተኛ። አገጩን ነካ፣ ማንም አላየውም። በመጨረሻ ተነስቶ ወደ ወጥ ቤቱ መደርደሪያ ሄደ። የሚያደርገውን ሳናውቅ የድስቱን ክዳን አነሳና በጭልፋ መታው፤ ደጋግሞ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ። "ሪሰስ!" ብሎ ጮኸ።

ሳሮን አለቀሰች። ትሪው ከእጄ ወደቀ። ዱቄቱ ሁላችን ላይ ተነሳ። መኝታ ቤቱ ተከፈተና ጋሽ ታደለ በአንድ እግራቸው ብቻ ካልሲ አድርገው፣ ብርድ ልብሱን እየጎተቱ ወጡ።

"እሳት ነው እንዴ?"

ቢንያም ከጠረጴዛው ሥር አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ "አይደለም አባዬ፤ ሪሰስ ነው" አለ።

ማንም አልሳቀም። ናሆም ክዳኑን እንደያዘ ማልቀስ ጀመረ። "እኔም እንደ ዮኒ ትምህርት ቤት መሄድ ነው የምፈልገው። እዚያ ይጮሃል። እዚያ ሰው ሲሮጥ ማንም ዝም በል አይለውም።"

እትዬ ሶስና ቢላዋውን አስቀመጡ። ሁሉም ነቅቶ ሳለ እሳቸው አሁንም በሹክሹክታ ነበር የሚናገሩት፤ ልማድ ሆኖባቸው። "ምን አጎደልኩብህ፣ ናሆሜ?" አሉት። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ያኔ ስም አላወጣሁለትም። ያንን ቤት በእጃቸው ነበር የሠሩት፤ ከልጆቻቸው አንዱ በር ፈልጎ አገኘበት።

ጋሽ ታደለ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። ናሆምን አልተቆጡትም። ወደ እኔ ዞሩ። "ዮኒ፣ እዚህ ቤት ትምህርት ቤት የሚያውቅ አንተ ብቻ ነህ። ንገረን እስቲ፤ እንዴት ነው?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ምንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ጠዋት ከግድግዳው ሳጥን ውስጥ የሚናገረውን የርዕሰ መምህሯን ድምፅ። ማሞቂያው ላይ የተደረደረ እርጥብ ጓንት የሚሸተውን፤ ሱፍና እንቁላል ይሸታል። የጂሙን፣ የስፖርት አዳራሹን፣ ወለል፣ ቀዩና ሰማያዊው መስመር የቱ ለየትኛው ጨዋታ እንደሆነ። ሪሰስ ላይ በረዶ ክምር ላይ ወጥቶ ንጉሥ ነኝ ማለት እንደሚከለከልና ሁሉም ግን እንደሚያደርገው። የእሳት ልምምድ ቀን ኮት ሳንይዝ ደጅ እንደምንቆም። አስተማሪዋ ድምፅህን ከፍ አድርግ እንደምትለኝም ነገርኳቸው። በሕይወቴ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ቀና ስል የናሆም ዓይን ረጥቦ ይበራል፤ አፉ ተከፍቷል። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። የእኔ ፊት ነበር፣ በየጠዋቱ በሩ ላይ። በእኔ የሚቀና ሰው አየሁ።

"ይሄ ልጅ ድምፅ አለው" አሉ ጋሽ ታደለ። "ለእኔ እንቅልፍ ብለን ድምፁን ልናፍነው አይገባም።"

"አባቱን መቼ ሊያይ ነው?" አሉ እትዬ ሶስና።

"ጠዋት። እራቴን አብሮኝ ይበላና ይሄዳል። ዮኒስ እንደዚያ አይደል የሚያየኝ? ይኸው አሳደግነው እኮ።"

እትዬ ሶስና ሳሮንን ከጀርባቸው አውርደው ለምሕረት ሰጡና መጥረጊያ አንስተው ዱቄቱን መጥረግ ጀመሩ። ቀና ሳይሉ፣ "ኮት ያስፈልገዋል" አሉ። ዛሬ ሳስበው፣ የሠሩት ነገር ሁሉ ለልጆቻቸው እንዲመች የተሠራ ስለነበር ነው ያንን ያሉት፤ ያልተመቸውን ልጅ ለመልቀቅም ሰፊ ነበር።

በመስከረም ናሆም ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ኮት የለበስን ሁለት ሆንን። እውነቱን ልናገርና፣ አንድ ነገር ጠብቄ ነበር። ቦታው ባዶ ሲሆን ከትልልቆቹ አንዱ "በል ዮኒ፣ አንተ ግባበት" የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ማንም አላለም፣ ሊልም አይችልም፤ ቦታ እንደዚያ አይተካም። ምሕረት እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ ሁለታችንንም አስወጣችን። ናሆም ኮሪደሩን በሩጫ ጨረሰው፤ እኔ ጆሮዬን በሩ ላይ አስጠግቼ ትንሽ ቆየሁ። በትምህርት ቤት ደግሞ እሱ በአንድ ሳምንት ያፈራውን ጓደኛ እኔ በዓመታት አላፈራሁም ነበር። አስተማሪዋ "ናሆም፣ ድምፅህን ትንሽ ቀነስ" ትለው ጀመር፣ እየሳቀች። በዚያም ቀናሁ።

አሁን ያ ሕንፃ የለም። በቦታው መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሟል። ጋሽ ታደለ ጡረታ ወጥተዋል፤ ሌሊት መተኛት አልለመድኩም እያሉ ያማርራሉ። ናሆም በትልቅ ግንባታ ላይ ፎርማን ነው፤ ድምፁ ለሥራው ሆኖታል። እኔ ኮሌጅ ገብቼ ሳልጨርስ ወጣሁ፣ የኮምፒውተር ሥራ ብቻዬን ከቤቴ ሆኜ ተማርኩ፣ የምሠራውም ከቤቴ ነው። ጠዋት ማንም ኮት ልበስ አይለኝም። ከምን እንደምጀምር የምመርጠው እኔ ነኝ፤ ቀኑ ሁልጊዜ የእኔ ነው። ቤቴም ጸጥ ያለ ነው። ግን የአንድ ሰው ዝምታና የስድስት ሰው ዝምታ አይመሳሰሉም። ያኛውን አንድ ላይ ሆነው፣ ለሚወዱት ሰው እንቅልፍ ብለው፣ በየቀኑ ይሠሩት ነበር። የእኔን ማንም አልሠራውም፤ እንዲሁ ተገኘ።

ባለፈው ኖርዝ ዮርክ ምሕረት ቤት ሄጄ ነበር። ልጆቿን ቤት ታስተምራለች፤ ባሏ ነርስ ነው፣ ፈረቃው ይቀያየራል፣ የቤቱም ቀን አብሮ ይቀያየራል። ትንሿ ልጇ በፒጃማ ሆና ወለሉ ላይ ተኝታ ታነባለች። ቆሜ አየኋት። በስድስት ዓመት ልጅ የሚቀና ትልቅ ሰው ሆኜ ቆምኩ።

ስለዚህ እዚያ የነበራችሁ ሁሉ፣ ይህን ካነበባችሁ የጎደለውን ሙሉልኝ። የፒ ኤ ዴይ ዕለት ያየሁት አንድ ጠዋት ነው፤ እሱም በድስት ክዳን ተቋረጠ፣ ተራ ቀን አልነበረም። እኔ የምጠይቃችሁ ተራውን ቀን ነው። ምሕረት፣ እኔን አስወጥተሽ ከተመለስሽ በኋላ መጀመሪያ የምትቀመጪው የት ነበር? ቢንያም፣ ጠረጴዛው ሥር ብርሃኑ ከየት ነበር የሚደርስህ? እትዬ ሶስና፣ ሊጡ ያልተነሳበትን ምክንያት ልጆቹ ማን ጋ ሄደው ነበር የሚያገኙት? ጋሽ ታደለ፣ ሲነቁ የሚሰሙት የመጀመሪያ ድምፅ የማን ነበር? በሩ እስኪዘጋ ያለውን ጽፌያለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እናንተ ጻፉት፤ ትንሽ ነው ብላችሁም አትዝለሉ፣ ትንሹን ነው የምፈልገው።